የማትያስ ማኅበር ዕጣ

ማክሰኞ፣ የካቲት 20 ቀን 1999

ሁለት ነጠላ ቋጨሁ። መብራት ጠፍቶ ዋለ። ልጄ ትሕትና ሽሮ ሠራች።

ሽታዬ ቤት ድረስ መጣች። እማሆይ አመተ ማርያም ካረፉ ወዲህ በማኅበራችን ቦታቸው ባዶ ነው፤ ለመግባት ሁለት ሰው ጠይቋል አለችኝ። አንዷ አይናለም ናት፣ አስተማሪዋ። ሁለተኛዋስ? ሥራነሽ።

"እንዳትናደጂ ብዬ ነው ቀድሜ የመጣሁት።"

ስናደድ ልታይ እንጂ... አልተናደድኩላትም። ሽሮዬን በላሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 22

ሦስት ዓመት አለፈው። እኔ ግን የትናንት ያህል ነው።

ልጄ በጥምቀት ዕለት ምንም ሳትቀምስ ውላ ፀሐይ መታትና ወደቀች። አንድ ቀን ብቻ። ውኃ የረጨቻት ሥራነሽ ነበረች። በሳምንቱ አማኑኤል ድረስ ሄዳ ለእጮኛዋ ለአገኘሁ እናት፣ "ልጅቱን የሚጥላት ነገር አለ" አለቻቸው። ቀለበት ታስሯል፣ የድግሱ ጌሾ ተወቅጧል... ሽማግሌዎቹ መጥተው "ይቅርብን" አሉ። ትሕትና እስከ ዛሬ የሰው ሙሽራ ቀሚስ ትጠልፋለች።

አሁን ደግሞ ከእኔ ጋር ከአንድ ጽዋ ልትጠጣ?

ደንባችን ይታወቃል። አሥራ ሁለት ነን፣ ከዚያ አንበልጥም። ሰው ሲሞት፣ ሐዋርያት በይሁዳ ቦታ ማትያስን እንዳስገቡት፣ ዕጣ ይጣላል። ዕጣ ከወጣ ክርክር የለም። የማኅበሩ ሙሴ፣ አስተባባሪዋ፣ ደግሞ እኔ ነኝ። ዕጣውን የምጽፈው እኔ ነኝ...

ሰኞ፣ የካቲት 26

ሥራነሽ ገበያ አገኘችኝ።

"እንደምን ሰነበትሽ ወለተ ሐዋርያት። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ዝም አለብኝ። በወር አንድ ቀን እንኳ ከሰው ጋር ልቅመስ ብዬ ነው።"

"ዕጣው ያውቃል" አልኳት። ፈገግ ብዬ።

ዝም ይበልባት። የእኔስ ቤት እልልታ ሊሞላው አልነበር?

ዓርብ፣ መጋቢት 7

ሁለት ወረቀት ቆረጥኩ። ሁለቱም ላይ "አይናለም" ብዬ ጻፍኩ። አጠፍኳቸው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8

የማትያስ በዓል። ተረኛዋ ሽታዬ ነበረች። ጾም ስለሆነ ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ጠላ። ንፍሮው ጨው በዝቶበታል፤ ማንም አልነገራትም።

የንስሐ አባታችን መምሬ ያለው ጸሎት አድርሰው ስለ ማትያስ ተናገሩ። "ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ከጌታ ኋላ ነበረ። ያን ሁሉ ዘመን ከአሥራ ሁለቱ የቆጠረው የለም፤ ቅር ብሎትም አልተመለሰ። ሲመረጥም 'ድሮም ይገባኝ ነበር' አላለም። ዕጣ ያልወጣለትን ዮሴፍንም አስቡት። አኩርፎ ሄደ የሚል አልተጻፈም።"

አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ደስ ብሎኝ።

መምሬ ወረቀቶቹን ከከተትኩበት ቆባቸው አንዱን አወጡ። አይናለም። የቀረውን ወረቀት ብድግ አድርጌ ጡቴ ሥር ከተትኩት፤ ወደ ሥራነሽም ዞርኩ። ፊቷ ሲጠቁር ላይ ብዬ። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ለዚህ አይደል?

"እግዚአብሔር የወደደው ነው" አለችና አይናለምን ሳመቻት። ትሄዳለች ስል ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠች። ጠላ መቅዳት ጀመረች። ለእኔም ቀዳችልኝ።

"ጠጪ እንጂ።"

ዋንጫውን ሳልቀምሰው አስቀመጥኩት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 12

ለትሕትና ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ። መርፌዋን አስቀመጠች።

"እማ፣ እኔ መቼ አድርጊልኝ አልኩ? እሷ በእኔ ላይ ዋሸች። አንቺ ግን በእግዚአብሔር ስም ዋሸሽ።"

የመምሬ ቃል ይመላለስብኛል። ማትያስን አይደለሁ። ዮሴፍን አይደለሁ። በዚያ ታሪክ ውስጥ ለእኔ የቀረው ስም አንድ ነው። አልጽፈውም።

እሑድ፣ መጋቢት 16

ሥራነሽ ቤት ሄድኩ። ደጃፏ ላይ እንደቆምኩ ተናገርኩት። "ዕጣው የውሸት ነበር።"

"አውቄያለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"የቀረውን ወረቀት ጡትሽ ሥር ስትከቺው አየሁ። የእኔ ስም ቢሆን እዚያ አታስቀምጪውም ነበር። ምድጃ ውስጥ ትጨምሪው ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አማኑኤል የሄድኩት እኔ አይደለሁ? የትሕትና ብድር ነው ብዬ ዋጥኩት።"

ይቅር በይኝ አላለችም። እኔም አላልኳት። ስመለስ ቂሜን ፈለግሁት፤ አለ። ግን እንደ ድሮው አላሞቀኝም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 8

ማኅበርተኛው ከተሰበሰበ በኋላ፣ በመምሬ ያለው ፊት፣ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ሙሴነቱንም ቦታዬንም ለቀቅሁ። መምሬ፣ "አይናለም ትቆይ፤ በአንቺ ቦታ ሥራነሽ ትግባ" አሉ። ዕጣ አልተጣለም።

ልሄድ ነበር። እግሬ ወደ ተረኛዋ ጓዳ ወሰደኝ፤ ያልታጠበ ዕቃ ተከምሮ አገኘሁና ማጠብ ጀመርኩ። ውስጥ ሲስቁ ይሰማኛል። የሥራነሽ ሳቅ ረጅም ነው፤ ረስቼው ነበር።

"ወለተ ሐዋርያት፣ ግቢና ቅመሺ" ብላ ተጣራች።

አልገባሁም። ዛሬም አልወዳትም፤ ለራሴ ልዋሽ?

የሥራነሽን ዋንጫ አምጥተው ከሌሎቹ ጋር አስቀመጡልኝ። አጠብኩት። ከሌሎቹ አስበልጬ አይደለም፤ አሳንሼም አይደለም።