የአባባ ድምፅ ያልተሰማበት በዓል

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ የሚነዝርሽ ትከሻ ተሻለው ወይ? ልጆቹስ፣ ጋሼስ? እማዬ ዓይኗን ለሐኪም አሳየች ወይስ ዛሬ ነገ እያለች ነው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከዚህ የሰው አገር ብርድ በቀር ደኅና ነኝ። ደኅና ማለቴ እበላለሁ፣ እማራለሁ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ ብሎኛል። አባባን ከሌሎቹ ጋር ደርቤ ያልጠየቅሁት ረስቼው እንዳይመስልሽ። ይህን ሁሉ የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው።

በበዓሉ ጠዋት ስደውል ስልኩ እንደ ወትሮው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ልጆቹ ተንጫጩብኝ፣ እማዬ በላሽ ወይ እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። አባባስ ስል ግን አንቺ ተኝቷል አልሽኝ፣ እማዬ ደግሞ ጎረቤት ሄዷል አለች። ኧረ እትዬ፣ ሲዋሹም እኮ ተማክረው ነው። የበዓል ምርቃቱን ለሰው ትቶ የሚተኛ አባት መቼ ነበረን? ዕድሜ ልኩን በመጋዝ ድምፅ ላይ ሲጮህ የኖረ አናጢ፣ ስልክ ሲያወራ ሰፈሩ የሚሰማው ሰው፣ ሳሉ እንኳ አልተሰማኝም።

ይባስ ብሎ ጋሼ ልመርቅሽ አለኝ። የመረቀኝ በአባባ ቃል ነው። ከሰው ፊት አያሳንስሽ፣ የነካሽው ይባረክ ብሎ፣ መጨረሻ ላይ አባባ ለቀልድ የሚጨምራትን «ሒሳቡም ይግባሽ»ን እንኳ አላስቀረም። ባልሽን ታውቂዋለሽ፤ ከቀልድ ጋር አይተዋወቁም። አንዴ አባባ አጠገቡ ተኝቶ፣ ድምፁ አልወጣ ብሎት፣ በጆሮው እያቀበለው ነው እላለሁ። አንዴ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣብኛል፤ እሱን ልጽፈው አልፈልግም።

ስልኩን እንደዘጋሁ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ያገሬ ልጆች ተደርድረው ቆመዋል። ከፊት በዕድሜ የሚበልጠን፣ ሽማግሌው የምንለው ነርስ ነው። ሁሉም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፣ አንዳቸውም አይናገሩም። እኛ ዘንድ ሰው በማለዳ ተሰብስቦ፣ ትልቅ ሰው አስቀድሞ፣ ዝም ብሎ በር ላይ ከቆመ ምን ይዞ እንደመጣ ይታወቃል። አምና ጎረቤቴን የእናቷን ሞት ያረዷት እንዲሁ ነበር፤ ቤተሰቦቿ ፈተናዋን እስክትጨርስ ደብቀዋት። አባቴን ብዬ ጮኼ እዚያው ወለሉ ላይ ተዘረፈጥኩ።

ለካ የበዓሉን ወጥ ሠርተው ማምጣታቸው ነው። ድስቱን ሽማግሌው ካፖርቱ ውስጥ ሸሽጎታል፤ ዝምታቸውም የማደሪያችን ዘበኛ በጠዋት ጫጫታ ስለማትወድ ነው። ሽማግሌው ከወለሉ አንስቶኝ፣ ስለ አባትሽ ምንም የሰማሁት የለም ብሎ በእናቱ ማለልኝ። ሳቁብኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በላን፣ ዘፈን ከፍተን ጨፈርን። ሽማግሌው ሳህኔ ላይ ደጋግሞ ሲጨምርልኝ ግን፣ ይህ ሰው በዓል እያከበረ ነው ወይስ እያባበለኝ እያልኩ ፊቱን አየው ነበር።

ፈተናዬ ገና መሆኑን ታውቃላችሁ፤ የምፈራውም ለዚሁ ነው። ለፈተናዬ ብላችሁ ደብቃችሁኝ ከሆነ፣ አንድ ገጽ ከፍቼ ስተክዝ ቀኑ ይመሽብኛል። ከታመመ ታሟል በይኝ። ፈተና በሚቀጥለው ዓመትም አለ።

ደኅና ነው ብለሽ ግን አትጻፊልኝ፤ ስለምወድሽ አላምንሽም። አባባ ራሱ አንድ መስመር ይጻፍልኝ። እርሳስ ሲይዝ ሳንቃ ላይ ምልክት የሚያደርግ ይመስል ስለሚጫን፣ ፊደሉ ከወረቀቱ ጀርባ በእጅ ይዳሰሳል። ጋሼ ቃሉን ቢያጠናም ይህን አይችልም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ትንሿን ጥርሷ በቀለ ወይ በያት። ጋሼን ምርቃቱ ደርሶኛል፣ አሜን ብያለሁ በይልኝ። ለአባባ ሰላምታዬን በአንቺ በኩል አልልክም። የመጨረሻውን ወረቀት ባዶ ያደረግሁት ለእሱ ነው። እጁ ደክሞ ሳይጫን ቢጽፍም ግድ የለም፣ አውቀዋለሁ። ባዶውን ብቻ መልሰሽ አትላኪልኝ።

ጨቅጫቃዋ እኅትሽ
ከተማሪዎች ማደሪያ፣ በበዓሉ ማግስት