ካምቢዮውን ቀይረው ብናኙን ለተዉልን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የተደላደለው ወንበርዎስ? እኔና ባለቤቴ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በእርስዎ እጅ ካለፍን በኋላም በሕይወት አለን።

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ነውና፣ ለማያውቁን አንባቢዎች ያህል፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ባለቤቴም ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ነን። የአንድ አሮጌ አውቶቡስ ወንበሮችን ነቅለን፣ አልጋና ምድጃ አስገብተን፣ ቤት አድርገነዋል። ልጃችን የመጀመሪያዋን ልትወልድ አምስት ሳምንት ሲቀራት ወደ እሷ ልንሄድ ብንነሣ፣ የአውቶቡሱ አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ አልይዝ አለ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን ንቅንቅ አይልም። አስጎትተን ወደ እርስዎ ጋራዥ መጣን። ምስጋናችንም እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. ቤታችንን አራት ሳምንት ሙሉ በክሪክ አንጠልጥለው ስላቆዩልን እናመሰግናለን። ባለቤቴ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ በመሰላል እየወጣች ወደ ጓዳዋ ስትገባ፣ ፎቅ ቤት የመኖር የዘመናት ምኞታችን ተሳካ።

፪ኛ. ዝምተኛው እያልን የምንጠራው መካኒክዎ፣ አሮጌው ካምቢዮ ሲበላ የብረት ብናኙ በዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥ መቅረቱን፣ ካልታጠበም አዲሱን እንደሚበላው አይቶ፣ በሥራ ማዘዣው ላይ «ማቀዝቀዣው ከነቱቦው ይታጠብ» ብሎ ጻፈ። እርስዎም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። ቢሮዎ ድረስ መጥቶ አንድ ቀን ብቻ እንዲሰጡት ሲለምንዎ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «አዲስ ካምቢዮ ገብቶለታል፤ ሌላው ጌጥ ነው» አሉት። የጌጥ ጠላት መሆንዎን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

፫ኛ. የዚህ መኪና የካምቢዮ ዘይት የሚለካው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ሜዳ ላይ መሆኑን መመሪያው ይናገራል። እርስዎ በቀዝቃዛው፣ ሞተሩ ጠፍቶ አስለክተው «ልክ ነው» ብለው ፈረሙ። መመሪያውን መደርደሪያዎ ላይ ከነላስቲኩ አይቼዋለሁ፤ ንጽሕናዎ ያስቀናል።

፬ኛ. በወጣን በሁለተኛው ቀን ዳገት መሐል ቆምን። ባለቤቴ የዘይት መለኪያውን መዝዛ አሸተተችው፤ ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ጠቁሮ፣ ቃጠሎ ቃጠሎ ይሸታል፤ ጣቷ ላይም ብናኝ ያብረቀርቃል። ስልኩ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ልጃችን ቀኗ ሳይደርስ ወልዳለች። የሰፈሩን ልጅ ግማሹን በእጇ የተቀበለች ሴት፣ የራሷን የልጅ ልጅ ድምፅ መጀመሪያ መንገድ ዳር ቆማ በስልክ ሰማች። እጇን በጨርቅ እየጠረገች «ለሰው ሁሉ ደርሼ ለልጄ ሳልደርስ ቀረሁ» አለች። ለዚህኛው የሚሆን ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

፭ኛ. ተጎትተን ስንመለስ ግን ፍርድዎ ፈጣን ነበር፤ ዝምተኛውን በቸልተኝነት ወንጅለው በዚያው ቀን አባረሩት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። እሱም አኩርፎ አልቀረም። ባለቤቴ ፈልጋ አመጣችው፤ እኛ ሦስታችን ከጋራዥዎ ውጭ ሜዳ ላይ ካምቢዮውን አውርደን፣ ውስጡ ማርሹን የሚያስይዙትን የነደዱ ሸክላዎች ቀየርን፤ ቱቦዎቹን ንጹሕ ዘይት እስኪወጣቸው አጠብን፤ ማቀዝቀዣውንና ማጣሪያውን በአዲስ ተካን። ዘይቱንም አሙቀን ለካን። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣነው። ሕፃኗን በስድስተኛ ሳምንቷ ያጠበቻት ባለቤቴ ናት።

የድርጅትዎ የንብረት ክፍል ኃላፊ የሥራ ማዘዣውን ቅጂ ሰጥታናለች፤ ቀዩ ሰረዝ ከነፊርማዎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ዝምተኛው ወደ ሥራው ይመለስ አንልም፤ እሱም አይመለስም። ስሙን ይመልሱለት።

የተሰቀለ ቤት ጌታ ያደረጉኝን ውለታዎን የማልረሳ፣ ከመልስዎ ይልቅ ይቅርታዎን ደጅ የምጠና፣

ትሑት ደንበኛዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሹፌርዎ ባለፈው ሰኞ የሥራ መኪናዎን ለዝምተኛው አምጥቶ ብልሽቱን አሳይቶ ነበር። «ለአለቃዬ እንዳትነግሩ» ብሎ ስለለመነን፣ ቃላችንን ጠብቀን ለእርስዎ አልነገርንም፤ የነገርነው ለሕዝብ ነው።