በአበባው ሥር ስለተሸፈነው ወሰን

ዛሬ ረቡዕ፣ ሰኔ 14 ቀን 2009 ዓ.ም. ከቀትር በፊት፣ በመኝታ ክፍሌ ተቀምጬ ይህን ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት አስጽፋለሁ። የከዱኝ እግሮቼ ናቸው እንጂ አእምሮዬ አልከዳኝም። ያስገደደኝም ያባበለኝም ሰው የለም። ጸሐፊው የምለውን ሁሉ፣ ሌላው በመሀል የሚናገረውንም ጭምር፣ ሳያሳምር እንዲጽፍ አዝዣለሁ።

ቤቱን ከነዕቃው ለአንድ ልጄ አውርሻለሁ። የአባቱን መጋዝና መላጊያ እንዳይሸጥ እለምነዋለሁ፤ አርባ ዓመት ያኖሩን እነሱ ናቸው።

ከቤቱ ጀርባ ያለው መሬት ግን ሁሉም የእኔ አይደለም። ይህን ስናገር ፊቴን ወደ ግድግዳው ባዞር ምስክሮቼ አይቀየሙኝ።

እናታችን ግቢዋን ለእኔና ለታላቅ እህቴ ስታካፍል በመካከላችን ሁለት የወሰን ድንጋይ አስቀበረች። ፀሐይ የሚያገኘው ወገን ለእህቴ ደረሰ፤ ለእኔ የቤቱ ጥላ። ያን ጊዜ እጅ ነስቼ ተቀበልኩ። ቅር ግን ብሎኝ ነበር፤ ከቅርታም አልፎ ቅናት ነበር።

ማንበብ የተማርኩት ካገባሁ በኋላ፣ ብቻዬን ነው። ከዳር እስከ ዳር የጨረስኩት የመጀመሪያው መጽሐፍ ስለ አትክልት እንክብካቤ ነበር። በወሰኑ ላይ የተከልኩት ቁጥቋጦ ሽቅብ አያድግም፤ እንደ ምንጣፍ መሬት ለመሬት ይነጠፋል፤ አበባው ደቃቅ፣ ሐምራዊ ነው። በሁለት ዓመት ድንጋዮቹን ሸፈናቸው። እህቴም፣ “በቃ፣ ወሰናችን አበባሽ የሚያልቅበት ነው! ከድንጋይ እሱ ይሻለናል” ብላ ሳቀች። አመነችኝ።

ተክሉ ጥላ ውስጥ አያብብም። መጽሐፉ ደግሞ ቅርንጫፉን ከእናቱ ሳይቆርጡ ሆዱን ፋቅ አድርገው፣ አፈር አልብሰው ድንጋይ ቢጭኑበት ሥር እንደሚያወጣ ያስተምራል። እኔም በየክረምቱ አንዳንድ ስንዝር ወደ እህቴ ፀሐይ አስኬድኩት። ዐሥራ አንድ ክረምት። ሰው ዐይኑን የሚገልጥበትን ፊደል እኔ ለስርቆት አዋልኩት።

እህቴ ለልጇ የልብስ ስፌት ክፍል ልታሠራ ግንበኛ ያመጣች ዕለት፣ “አንቺ! አበባሽ ከነበረበት ፈቀቅ ብሎ ያውቃል እንዴ? ግንበኛው ይጠይቃል” ብላ ተጣራች። በመስኮት ብቅ ብዬ፣ “ኧረ የት ይሄዳል፣ እግር የለው!” አልኳት። ግንበኛው ሳይቀር ሳቀ። ክፍሏ ጠባብ ሆና ቀረች፤ የስፌት መኪናው ከገባ በሩ አይዘጋም። እህቴ ይህን ሳታውቅ ሞተች። ያን አበባ ቆርጬ ሣጥኗ ላይ ያኖርኩት ራሴ ነኝ። ከሁሉም እሱ ያሳፍረኛል።

እዚህ ላይ ልጄ፣ “እማዬ፣ አሁን ማን ጠየቀሽ?” አለ።

ማንም ስላልጠየቀኝ ነው የምናገረው።

“እሺ፣ መሬቱን ለአክስቴ ልጅ በስጦታ ስጪያት። ሰው ፊት ራስሽን ለምን ታዋርጃለሽ?”

የራሷን እንዴት አድርጌ ልስጣት?

ስለዚህ ድንጋዮቹ ከአበባው ሥር ይገለጡ። ከእነሱ ወዲያ ያለው ዐሥራ አንድ ስንዝር የእህቴ ልጅ መሬት ነው፤ ውርስም ስጦታም ተብሎ አይጻፍ። አንተ ልጄ፣ አበባው ሲረግፍ ተክሉን ከነአፈሩ አንሣው፤ አትጎትተው። ሥር የያዘውን ሁሉ ለየብቻ ቆርጠህ ወደ እኛ ጥላ መልሰው። አሮጌውን እንጨት አትከርክም፣ አያቆጠቁጥም። ባያብብም ይሁን።

ይህ ቃሌ በአራቱም ምስክሮች ፊት ተነብቦልኝ የራሴ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ተናዛዥ፦ ፈርመዋል።
ምስክሮች፦ ጡረተኛው መምህር፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ አዋላጇ፣ ጫማ ሰፊው፤ ሁሉም ፈርመዋል።

ስለ ስርዝ፣ በጸሐፊው፦ “ባያብብም ይሁን” ከሚለው ቀጥሎ ሦስት ቃላት ተሰርዘዋል። በሩ አጠገብ ቆማ ስትሰማ የነበረችው የእህታቸው ልጅ የተናገረችው፣ “እግዜር ይስጥልኝ፣ አክስትዬ” የሚል ነበር። ተናዛዥዋ፣ “እሱን አውጣው፤ አይገባኝም” ስላሉኝ ሰርዣለሁ። በስርዙም ላይ በእጃቸው ፈርመዋል።