በሙዚቃዬ ላይ የተቀዳ ሰላምታ

ልጄ ትዕግሥት፣

ከሰላምታ በፊት በደሌን ስሚ። እናትሽና አጎትሽ ሙላቴ፣ እኔ በሌለሁበት፣ አንቺ የላክሽልኝን ካሴት ሁለተኛ ፊት አጥፍተው የራሳቸውን ድምፅ ቀዱበት። ቀድተውም ላንቺው መልሰው ላኩት። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ካሴቱ ቀድሞ እጅሽ ገብቷል።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይ? የቤይሩት ብርድ እንደኛው አገር ያንዘፈዝፋል ወይስ ይለዝባል? አሠሪዎችሽ እሑድሽን ይለቁልሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ገብሱ ገብቷል፤ ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል። እኔም ከንዴት በቀር የሚያመኝ የለም።

ካሴቱን የላክሽልኝ በሰኔ ነበር። የአሠሪሽ ልጅ ሙዚቀኛ እንደ ሆነ፣ ይህም የኤሌክትሪክ ጃዝ እንደሚባል፣ ለመጫወት ብዙ ዓመት መልመድ እንደሚጠይቅ ነግሮሽ ጽፈሽልኝ ነበር። አባዬ አስቸጋሪ ነገር ስለሚወድ ቀዳሁለት ያልሽውም አልጠፋኝም።

መጀመሪያ ስከፍተው ቴፑ የፈጠነ መሰለኝ። የሰው ጣት እንዲህ ሊሮጥ አይችልም ብዬ ቴፑን ፈታሁና ሁለት ቀን ሙሉ የሞተሩን ፍጥነት በካቻቢቴ ስቀንስ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ለማመሳከር፣ አምና የላክሽውን የድምፅ ደብዳቤ ከተትኩበት። የገዛ ልጄ እንደ ጎረምሳ በወፍራም ድምፅ እየተጎተተች «አባዬ እንደምን ከረሙ» አለችኝ። ቴፑ ደኅና ነበር፤ ጥፋቱ የጆሮዬ ነው። ሞተሩን ወደ ነበረበት መለስኩት።

መስማት የጀመርኩት ከዚያ ወዲያ ነው። ድራሙ እግር በሚጠብቀው ቦታ አይወርድም። እኔም የሽንብራ ፍሬ ጠረጴዛ ላይ እየደረደርኩ ቆጠርኩት። ሁለተኛው ሙዚቃ በሰባት ይዞራል። አራተኛው በአሥራ አንድ ሲሄድ ይቆይና መጨረሻው ላይ አንድ ፍሬ ይጎድላል፤ ያችን አንድ ፍሬ ፍለጋ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። ጊታሩና ኦርጋኑ ይባረራሉ፤ አንዱ ጥሎት ሄደ ስትይ ሌላው ፊት ለፊቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። ቤዝ ጊታሩ ግን እንደ ደኅና በሬ ነው፤ ሌሎቹ ቢፈነጩም እሱ ፈሩን አይስትም። ያን ሁሉ ሮጠው ሁሉም ባንድ ትንፋሽ ቀጥ ሲሉ ጠብታ አይፈስም። እኔ ያለ አስተማሪ ሬዲዮ ስፈታና ስገጥም ሠላሳ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የእጅ ሥራ ሳገኝ አውቃለሁ። ይህን ጫጫታ የሚለው ጆሮውን ያላሠራ ነው።

አንደኛውን ፊት ቆጥሬ ሳልጨርስ ሁለተኛውን አልነካም ብዬ አምስት ወር ታገሥኩ። በጥቅምት ማብቂያ ገለበጥኩት። ቤዙ ብቻውን ይገባል፤ ድራሙ ከኋላ ይቀላቀለዋል። በስንት እንደሚዞር ልይዘው ስል ዘጋሁትና ለኅዳር ሚካኤል ማግስት አቆየሁት። ማቆየቴ ነው የጎዳኝ።

በሚካኤል ዋዜማ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ልጠግን እብናት ሄድኩ። በበዓሉ ማታ ስመለስ ጎማ ፈንድቶ መንገድ ላይ አደርኩ። በበዓሉ ቀን ለካ፣ ለዕረፍት መጥታ የነበረችው የጎረቤታችን የዓለምነው ልጅ ሰላማዊት በማግስቱ ማለዳ ወደ ቤይሩት እንደምትመለስ ተሰምቷል። እናትሽ ድምፅዋን ልትልክልሽ ፈለገች፤ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ከቤት ካሉት ካሴቶች ስም ያልተጻፈበት የእኔው ብቻ ሆነ። ያልጻፍኩበትም ቆጥሬ ሳልጨርሰው ስም አልሰጠውም ብዬ ነው።

ሳያውቁ ነው እንዳልል፣ እንዳይቀዳበት ብዬ በካሴቱ ጠርዝ ያሉትን ሁለቱን ትንንሽ ጥርሶች በመጣ ዕለት ሰብሬያቸው ነበር። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ቴፕ ውስጥ ሲገባ የመቅጃው ቁልፍ አይጫንም። ሙላቴ ግን ቀዳዳውን በቁስል ፕላስተር ደፈነው። ምን ቢያደፋፍርህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ቀዳዳው ከተደፈነ ይቀዳል ብለው ያሳዩኝ አንቱ አይደሉም እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ለሠርጉ ካሴት በቸገረው ጊዜ እኔው ነኝ ያሳየሁት። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁ። እውነቱን መሆኑ ደግሞ የባሰ አንገበገበኝ።

እናትሽም አልተመለሰችም። ሁለት ዓመት ሙሉ ለልጅዎ በካሴት ይናገሩላት ብትለኝ ከብረት ጋር አላወራም ብዬ እምቢ ማለቴን አነሳች። «አንቱ ለልጅዎ ዝም ይላሉ፤ ካሴቱም አብሮ ዝም ይበል?» አለችኝ።

የአሠሪሽ ልጅ ዋናውን ይዞ ፈረንሳይ አገር እንደ ገባ ጽፈሽልኛል፤ ስለዚህ ሌላ ቅጂ አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽ ይህን ነው። የቤታችን ቴፕ የቀድሞውን ድምፅ የሚያጠፋው ክፍሉ ደክሟል፤ ዛሬ ነገ ስል ሳልጠግነው ቀርቻለሁ። ከእናትሽ ድምፅ ሥር ሙዚቃው በስሱ ቀርቶ ይሆናል። ማዳመጫ ጆሮሽ ላይ አድርጊና እናትሽ ትንፋሽ የምትወስድበትን ጠብቂ፤ ከስንት አንዴ ትወስዳለች። ቤዙ ከተሰማሽ ፍሬ እየደረደርሽ ቁጠሪና በስንት እንደሚዞር ጻፊልኝ። በመጨረሻም አንድ ላይ ቀጥ ማለታቸውን። ከዚያ ፕላስተሩን ላጪና ጣዪው። በዚያ ካሴት ላይ ያለው ሁሉ፣ የእናትሽም ድምፅ ጭምር፣ ማንም ሳይነካው እንዳለ ይኑር።

የእናትሽን፣ የሙላቴንና የእኅትሽን የኤሌኒን ሰላምታ እዚህ አልጽፍም፤ በካሴቴ ላይ እንደ ልባቸው ሰላም ብለውሻል። አክስትሽ ፈንታነሽ ግን እንደኔው ለብረት አልናገርም ብላ ስለቀረች ጉንጭሽን ትስምሻለች። ጎረቤታችን በላይነህም እንደምን አለሽ ይልሻል። ሰላማዊትን ካሴቱን ስላደረሰች እግዜር ይስጥልኝ በያት፤ እሷ በምን አውቃ።

ይህን ነገር ለእናትሽ አንድ ጊዜ ተናገርኩ፤ ላንቺ አንድ ጊዜ ጻፍኩ። ቁጥሩን ላኪልኝ እንጂ፣ አገርሽ ገብተሽ ፊቴ ቁጭ ብለሽ ብትጠይቂኝ እንኳ ስለዚህ ካሴት ዳግመኛ ከአፌ ቃል አይወጣም።

አባትሽ ካሳሁን ይሻው
ደብረ ታቦር
ኅዳር 18 ቀን 1991 ዓ.ም.