የመምህር መልአኩ ተክለ ሚካኤል ዕረፍት እና ማንም ያልተማረው ዜማቸው

የቀጭን አምባ አዳሪ የሙዚቃ ኮሌጅ የማሲንቆ መምህርና የተማሪዎች መኖሪያ ኃላፊ የነበሩት መምህር መልአኩ ተክለ ሚካኤል፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በአርባ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ማረፋቸውን ኮሌጁ የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። ሥርዓተ ቀብራቸው ትናንት በትውልድ ቀያቸው በአሸተን ማርያም ተፈጽሟል። ዳገቱን ወጥታችሁ ለተገኛችሁ ሁሉ፣ በተለይም መሣሪያ ተሸክማችሁ ለወጣችሁት፣ ምስጋናችን ይድረሳችሁ።

መምህር መልአኩ በ1969 ዓ.ም. ከመሪጌታ ተክለ ሚካኤልና ከወይዘሮ ወለተ ማርያም ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያን ዜማን ከአባታቸው ተምረዋል። በ1989 ዓ.ም. ማሲንቆ ለመማር ወደ ኮሌጃችን ሲመጡ አባታቸው «ዜማውስ ይሁን፤ እንጨቱ ነው ያልገባኝ» ብለው፣ ግን መርቀው ሸኝተዋቸዋል።

በቆሎ ትምህርት ቤት ወግ ከመምህር አፍ የወጣውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መቀበል ግዴታ ነው፤ የጨመረ ይገረፋል። መምህር መልአኩ ይህንኑ ሥርዓት ይዘው ወደ ማሲንቆ ክፍል ገቡ። መምህራቸው መምህር አረጋ በዘፈኑ መካከል ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የማሳል ልማድ ነበራቸው። ተማሪ መልአኩም በመጀመሪያው ዓመት ፈተና እዚያው ቦታ ሲደርሱ አሳሉ። ፈታኞቹ ጉንፋን መስሏቸው ውኃ አስመጡ። በሁለተኛው ዓመት እዚያው ቦታ ላይ ሲደግሙት ነገሩ ጉንፋን አለመሆኑ ታወቀ። መምህር አረጋም «ልጄ፣ እሷ እንኳ የኔ ናት፤ ተዋት» ማለታቸው በኮሌጁ ዘንድ እስከ ዛሬ ይታወሳል።

በ1992 ዓ.ም. ከባድ ጊዜ መጣ። በኮሌጁ ደንብ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ የራሱን ድርሰት ካላቀረበ ከትምህርቱም ከመኝታውም ይሰናበታል። ተማሪ መልአኩ የመምህራቸውን ዜማ ሁሉ አንድ ሳያጎድሉ ይጫወታሉ፤ የራሳቸው ግን የላቸውም። አካዳሚክ ኮሚሽኑ አስጠርቶ «የራስህስ የታለ?» ሲላቸው «መምህሬ ገና አልሰጡኝም» ብለው መለሱ። ኮሚሽኑ እስከ ቅበላ ድረስ ጊዜ ሰጣቸው። አባታቸው ሳይወዱ የመረቁት መንገድ እንዲህ በአጭሩ ሊቀር ነበር።

በቅበላ ሳምንት የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ወይዘሮ ሰአዳ ሽንኩርት ለመግዛት ወደ ጋሸና ሲወርዱ «ልትባረር ከሆነ ጆንያ ተሸክመህ ተባረር» ብለው ይዘዋቸው ሄዱ። ምሳ ላይ ምግብ ቤቱ በከባድ መኪና ሾፌሮች ተሞልቶ ነበር። አንዱ ተማሪ መልአኩ ይዘውት የመጡትን ማሲንቆ አየና እንደ ወጉ «ተቀበል!» ብሎ የግጥሙን መጀመሪያ ወረወረ፦

የጋሸና ንፋስ ምን አለኝ መሰለሽ፣

ተማሪ መልአኩ ተቀበሉ። ወጉ ሰጪው ግጥሙን እንዲጨርስ፣ ተቀባዩም እንዳለ እንዲመልስ ነውና ቀሪውን ጠበቁ። በዚህ መሐል የሾፌሩ ረዳት ከውጭ «ኧረ ና፣ መንገድ ዘጋን!» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩ እጁን ሳይታጠብ ወጣ፤ መኪናውም ሄደ።

ተማሪ መልአኩ ያችኑ መስመር መላልሰው ተጫወቱ።

«ቀሪውን አምጣዋ!» አለ አንዱ።

«እሱ ይዞት ሄደ» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ሰአዳም «መልአኩ፣ ሽንኩርቱ ጆንያ ውስጥ ሳይበቅል ጨርሰው!» አሉ። ያን ጊዜ፣ ማንም ሳይሰጣቸው፦

እኔስ አላፊ ነኝ፣ ቀሪውን ያኑርልሽ

ብለው መለሱ። ቤቱ ሌላ ጠየቀ፤ ጨመሩ። ከዚያ በኋላ ለማስቆም አስቸጋሪ እንደነበር ወይዘሮ ሰአዳ ያረጋግጣሉ። ሽንኩርቱ ኮሌጁ የደረሰው በማግሥቱ ነው።

«አላፊ» የተባለው ድርሰታቸው ለኮሚሽኑ ሲቀርብ፣ የመጀመሪያው መስመር የሾፌር ሆኖ ሳለ ሥራው የራስ ሊባል ይችላል ወይ በሚለው ላይ ሰፊ ክርክር ተካሄደ። ክርክሩን የዘጉት መምህር አረጋ ናቸው፤ «የሾፌሩን ተዉት፤ ሳል የለበትም» አሉ። ድርሰቱ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ሾፌሩ ማን እንደነበር እስካሁን አልታወቀም፤ በሕይወት ካሉ የኮሌጁ ምስጋና ይድረሳቸው።

በ1997 ዓ.ም. በመምህርነት ተቀጠሩ። «አላፊ»ን ግን ለአንድም ተማሪ አላስተማሩም፤ ለሚለምናቸው ሁሉ «የኔ አለ፤ የናንተን አምጡ» ይሉ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. የተማሪዎች መኖሪያ ኃላፊ ሆኑ። መታጠቢያ ቤቱ ድምፅ ያምራል ብለው ለልምምድ ፈቀዱ። የተማሪዎች ዜማ በእጅጉ ተሻሻለ፤ ስለ ንጽሕናቸው ያን ያህል ማለት አይቻልም።

በ2014 ዓ.ም. ኮሌጁ ተዘግቶ በነበረባቸው ወራት፣ መሄጃ ያጡ ተማሪዎችን ቤታቸው አስቀምጠው አስተምረዋል። ኮሌጁ ቶሎ እንዲከፈት አጥብቀው ከጠየቁት መካከል ጎረቤቶቻቸው ግንባር ቀደም ነበሩ።

ትናንት ከቀብር በኋላ ለቀስተኛው ተማሪዎቹ «አላፊ»ን እንዲጫወቱ ጠየቀ። የሚያውቀው አልተገኘም። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ የራሷን ድርሰት ባለማቅረቧ ማስጠንቀቂያ የተሰጣት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ገለቴ ማሲንቆዋን አነሣች። የተጫወተችውን ከዚያ በፊት የሰማው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ «የማን ነው ይሄ?» ብለው ጠየቁ። «የኔ ነው አባባ፤ እሳቸው እንዲሰሙት ነበር የያዝኩት» አለች። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ አጠገቧ ቆመው እስከ መጨረሻው አዳምጠዋል።

ኮሌጁ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ፍሬ፣ ለልጃቸው ለዘመን፣ ለአረጋዊ አባታቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና በየአገሩ ላሉ ተማሪዎቻቸው መጽናናትን ይመኛል፤ ነፍሳቸውን ፈጣሪ በአብርሃምና በይስሐቅ አጠገብ ያሳርፍልን።

ኮሚሽኑ ዛሬ ጠዋት ባደረገው ስብሰባ ለተማሪ ገለቴ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ተነሥቷል።

የቀጭን አምባ አዳሪ የሙዚቃ ኮሌጅ