ሳይከፈት የተፈረደበት ሞተር

ሳይከፍት የሚያይ እግዚአብሔር ምስክሬ ይሁን። እኔ አዘዘ መንበረ፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት፣ ነዋሪነቴ ጎንደር ከተማ፣ ሙያዬ መካኒክ፣ ዛሬ ቅዳሜ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በላይ አርማጭሆ ወረዳ ትክል ድንጋይ ከተማ፣ በታናሽ ወንድሜ በመሪጌታ ኪዳነወልድ መንበረ ቤት ተቀምጬ ይህን ኑዛዜ በቃሌ አስጽፋለሁ። ሐኪም ልብህ ደክሟል ብሎኛል። አእምሮዬን በተመለከተ ግን የሚጠራጠር ሰው ካለ ማስረጃ አለኝ፤ ዛሬ ጠዋት ልጄ በምትነዳው ሞተር ብስክሌት ከኋላ ወንበር ላይ ተፈናጥጬ ስመጣ የካርቡራተሩ ማስተካከያ ቪት ሩብ ዙር እንደሚቀረው በድምፁ ብቻ ለይቻለሁ።

የምትጽፈው በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ በመጻፍ የምትተዳደረው ናዝራዊት ናት። የምናገረውን ሁሉ፣ ሌላ ሰው ጣልቃ ቢገባም እሱ ያለውን ጭምር እንድትጽፍ አዝዣታለሁ። ምስክሮቼ የነፍስ አባቴ ቄስ ህሩይ፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ አምሳልና የቶርኖ ባለሙያው ምስጋናው ናቸው። አራተኛው ወዳጄ ሸዋአየሁ ነበር፤ ሚኒባሱ አምልጦታል። ሸዋአየሁን ያላመለጠው ነገር ኖሮ አያውቅምና፣ እስኪደርስ እንጀምር ብያለሁ።

ሰው የሚናዘዘው በገዛ ቤቱ ነው፣ አዘዘ ምነው በሰው ቤት? የሚል አይጠፋም። መልሱ ከዚህ በታች ይመጣል። ወንድሜም ለምን እንደመጣን አልተነገረውም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ደጁን ያልረገጠ ወንድሙ በሞተር ብስክሌት ከች ሲልበት "ግቡ" ብሎ አጎዛ አነጠፈልን። አሁን ምሰሶውን ተደግፎ፣ ጭራውን ይዞ ተቀምጧል።

አንደኛ፤ ስለ ሞተር ብስክሌቱ።

ጣልያን ሠራሹን ሞተር ብስክሌቴን ለልጄ ለእፀገነት አዘዘ አውርሻለሁ። ምክንያቱም ሞተሩን አውርዳ፣ ፈትታ፣ መልሳ የገጠመችው እሷ ናት። እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷልና ካለፈው ጥቅምት ወር ጀምሮ በመኝታ ክፍሌ ውስጥ፣ አሮጌ በር አጋድመን በሠራነው ጠረጴዛ ላይ፣ እኔ አፍ እሷ እጅ ሆነን ሠራን። ቡሎኖቹን ከወጡበት ቦታ ተራ ሳታዛንፍ በእንቁላል መያዣ ካርቶን ደረደረቻቸው። ብረቱን ሁሉ በነጭ ጋዝ አጠበችው። የሲሊንደሩን ውስጥ ምስጋናው በቶርኖ አስተካከለው። ፒስተኑ የሌላ ሞተር ፒስተን ነው፤ አስሞርደን አስገባነው፤ ማንም መጥቶ ይስማው፣ አይንኳኳም።

እዚህ ላይ ወይዘሮ አምሳል "ስድስት ወር ሙሉ ቤትህ ማደያ መስሎ ጋዝ ጋዝ ሲሸተን ከረምን እኮ፤ እሱንም አስጽፈው" ብላለች። ተጽፏል።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት እፀገነት መርገጫውን ሦስት ጊዜ ብትረግጠው ሞተሩ ተነሣ። አለቀሰች። እኔ "ማልቀሱን ተዪና ዘይት ያፈስስ እንደሆነ እዪ" አልኳት። አያፈስም። ከዚያ በኋላ እኔም አለቀስኩ።

ልጄ ሐብተ ማርያም ይህን ሞተር ብስክሌት ለአንድ ሆቴል ሸጦ፣ በር ላይ በአበባ ማሰሮዎች መካከል ሊገትረው አስቦ ነበር። የሚሄድ ነገር አይገተርም። እሱ አዘዞ ያለውን ጋራዥ ከነግቢው ይውሰድ። መነገድ ተሰጥቶታል፤ ይነግድበት፤ ከእኔ የተሻለ እንደሚያለማው አልጠራጠርም። በእህቱ ድርሻ ላይ ግን ዓይኑን እንዳይጥል።

ሁለተኛ፤ ሞተሩ ስለ ነደደበት ቀን።

ናዝራዊት "ጋሼ፣ ይኼ እኮ የንብረት ክፍፍል አይደለም" ብላኛለች። ጻፊ ብያለሁ፣ ጻፊ።

በ1985 ዓ.ም. ጥር ወር ይህንኑ ሞተር ፈትቼ ጓርኒሲዮኑን ቀየርኩ። ጓርኒሲዮን ማለት ዘይት እንዳያፈስ በሁለት ብረት መካከል የሚገባ ስስ ነገር ነው። በዚያ ጊዜ ከሱቅ አይገኝም ነበርና በእጃችን እንሠራው ነበር። ካርቶን ብረቱ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ነው፤ የብረቱ ጠርዝ ራሱ ቅርጹን አውጥቶ ይቆርጠዋል፤ ቀዳዳዎቹም በዚያው ይበሳሉ። እኔም ከሳሙና ካርቶን ቆርጬ፣ ገጥሜ፣ ጨረስኩ።

በዚያው ዕለት ወንድሜ ኪዳነወልድ፣ ያኔ የሃያ ስምንት ዓመት ዲያቆን፣ ኮሶዬ ላለችው አክስታችን መድኃኒት ላድርስላት ብሎ ሞተሩን ተዋሰኝ። "ዘይቱን አይተህ ሂድ" አልኩት። በማግስቱ እየገፋ መለሰው። ኮሶዬ ሊደርስ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ነድዶ ቀጥ ብሎ ነበር።

የዘይት መለኪያውን መዝዤ ባየው ሙሉ ነው። ዘይት እያለ ሞተር አይነድም። ስለዚህ ያለ ዘይት ነድቶ አቃጥሎታል፣ ከዚያ ሊያታልለኝ ዘይት ገዝቶ ሞልቶበታል ብዬ ፈረድኩ። "አያ፣ ስነሣም አይቻለሁ፣ ሙሉ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጠብታ አልጨመርኩበትም" አለ። አላመንኩትም።

አባታችን መሪጌታ መንበረ በደብራቸው የዜማ መሪ ነበሩ፤ ቦታቸውን የሚወርሰው ኪዳነወልድ እንደሆነ ሕዝቡም ካህናቱም ያውቁ ነበር። እኔ ግን "በታቦቱ ይማልልኝ" ብዬ ድርቅ አልኩ። አባቴ "የመቅደስ አገልጋይ እንዴት ይምላል?" ቢሉ፣ "እውነት ከያዘ ምን ያስፈራዋል?" ብዬ መለስኩላቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም፣ ሽማግሌዎች ቆመው ሳለ ማለ። ምሎ ሲጨርስ ሰው ሁሉ እየሰማ "በሐሰት ማለ" አልኩ።

ያልኩት ይኸው ሁለት ቃል ነው። በሐሰት የማለ ሰው መቅደስ አይገባም፣ ቅኔ ማኅሌት አይመራም። ቦታው ለሌላ ተሰጠ። አባታችንም በ1987 ዓ.ም. ሊያርፉ ሲሉ የእኔን ቃል አምነው ኪዳነወልድን ከውርስ ነቀሉት። እሱም ወደዚህ መጥቶ ለገጠር ልጆች ዜማ ሲያስተምር ኖረ።

ቄስ ህሩይ "አዘዘ ልጄ፣ ይህ በአንተና በእኔ መካከል ቢቀር አይሻልም?" ብለውኛል። አይሻልም አባ። ያልኩት በአደባባይ ነው፤ በጓዳ አይመለስም።

ባለፈው ኅዳር እፀገነት ሲሊንደሩን ስታነሣ ያ ካርቶን ከነሙሉ ቅርጹ ተላቅቆ ወጣ። አገላበጠችውና፣

"አባዬ፣ ብረቱ ላይ ያለችው ይህች ቀዳዳ ካርቶኑ ላይ ምነው የለችም?" አለችኝ።

"የቷ ቀዳዳ?"

"ይህች፣ ምስር የምታክለው።"

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ዘይት ከታች ወደ ላይ የሚወጣባት ቀዳዳ ናት። መዶሻዬን እሷ ላይ ማሳረፍ ረስቼ፣ በገዛ እጄ በካርቶን ደፍኜ ገጥሜባታለሁ። ዘይቱ ከታች ሙሉ ነበር፤ ላይ ግን አንዲት ጠብታ አልደረሰም። ወንድሜ ስንዝር ሳያጓድል እውነቱን ነበር የተናገረው። ሞተሩን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

አምሳ ዓመት በሙያው ስኖር ለደንበኛ ሁሉ "ሳይከፈት አይፈረድም" ስል ኖሬአለሁ፤ ጎንደር ውስጥ የሚያምኑኝም ለዚህ ነው። የገዛ ወንድሜን ግን ሳልከፍት ፈረድኩበት። ከዚያም በእልህ ሞተሩን ጓዳ አስገብቼ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ቁልፍ ሳላስነካ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ሰብለ ወንጌል፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ይህን ብረት ወይ ክፈተው ወይ ጣለው" ትለኝ ነበር። እሷ በየፋሲካው ለኪዳነወልድ ቅቤና በርበሬ ተደብቃ ትልክ ነበር። አውቅ ነበር። አውቄ ዝም ማለቴን እንደ ደግነት ቆጥሬው ኖርኩ፤ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሦስተኛ፤ ስለ መኖሪያ ቤቱ።

ከአባቴ የወረስኩት የጎንደሩ ቤት እኩሌታ የኪዳነወልድ ነው። ይህን ስጦታ ነው የሚል ሰው ቢኖር አልቀበለውም፤ የራሱን ነው የምመልሰው፤ ይዤበት ነው የኖርኩት። የቀረው እኩሌታ የእፀገነት ይሁን። ከአጎቷ ጋር ግድግዳ ትጋራለች፤ በር እንዳትዘጋበት።

አራተኛ፤ ስለ ደብሩ።

ይህ ቃሌ ሞቴን አይጠብቅም። ነገ ሳምንት እሑድ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ቄስ ህሩይ በዚያው ደጀ ሰላም ያቁሙኝ፤ እግሬ ባይችል በወንበር ይውሰዱኝ። "ኪዳነወልድ በእውነት ማለ፣ በሐሰት የፈረድኩት እኔ አዘዘ ነኝ" ብዬ በአፌ እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ብሞት ቄስ ህሩይ ይህን ወረቀት በዚያው ስፍራ ያንብቡልኝ። ያኔ ከቆሙት ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ይጠሩ።

ለልጆቼ የምመክረው ብዙ የለም። ሥራችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ ጊዜ መልሳችሁ እዩት። ስትሳሳቱም ቶሎ ተናገሩ፤ ሲዘገይ ሌላ ሰው ነው የሚከፍለው።

እዚህ ስደርስ ናዝራዊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችልን። ልንፈርም ስንል ሸዋአየሁ የለም። እፀገነት ብትደውልለት ገና መናኸሪያ ነው። ይህን ጊዜ ወንድሜ ጭራውን አስቀምጦ ተናገረ።

"አያ፣ ያን ቀን ሞተሩን ስገፋ መዳፌ ተልጦ ነበር። እጄን እንኳ አላየኸውም።"

"አላየሁም" አልኩ።

"ያልከውን ሰምቻለሁ። እንዲህ በአንድ ረፋድ የሚያልቅ ነገር አይደለምና ይቅርታውን አታስቸኩለኝ። ቤቱን ግን አልወስድም።"

"ያንተ ነው እያልኩህ!"

"ጩኸትህስ እንዳለ ነው" አለና ወደ ናዝራዊት ዞረ። "ልጄ፣ ምስክር ጎደለ አላችሁ?"

"አንድ ጎድሏል አባ። አራት ካልሆኑ ኑዛዜው አይጸናም።"

"እኔ ልሁና።"

"እርስዎማ አይሆኑም። ምስክር የሆነ ሰው በዚያው ኑዛዜ የተጻፈለትን አያገኝም። ቤቱ ይቀርብዎታል።"

"ይቅር" አለ። "በዚህ አገር ሰው በድንበር ሲካሰስ፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ ምስክር ይጠራል። እኔን የጠራኝ የለም። ሊጠራኝ ያሰበ ቢኖር እንኳ፣ 'ጎንደር በሐሰት የማለው እኮ ነው' የሚል አንድ ሰው አይጠፋም ነበር። የምኖርበት ቤት አለኝ አያ። ያጣሁት ቃሌን የሚቀበለኝ ሰው ነው።"

ልመልስለት አፌን ስከፍት ቄስ ህሩይ ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ። እኔም ሳስበው፣ ይህን ሰው ሁለተኛ ጊዜ እምቢ ልለው አልችልም።

ስለዚህ ሦስተኛውን አንቀጽ አሻሽያለሁ። የቤቱ እኩሌታ የኪዳነወልድ ልጅ የማርያማዊት ኪዳነወልድ ይሁን። እሷ ምስክር አይደለችም፤ ይህን ስንናገር ውጭ ከእፀገነት ጋር ሞተሩን እያየች ነው። አባቷን "ትቃወማለህ ወይ?" ብዬ ብጠይቀው "ለእሷስ ሸጋ ነው" ብሏል።

ይህ ኑዛዜ ከነማሻሻያው በአራቱ ምስክሮች ፊት እንደገና ተነብቦልኝ፣ ቃል በቃል የእኔ መሆኑን አረጋግጬ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁላችንም በአንድነት ፈርመናል።

ተናዛዥ፦ አዘዘ መንበረ፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ከፊርማው ጋር የጣት አሻራ አኑሯል።

ጸሐፊ፦ ናዝራዊት፤ ፈርማለች።

1ኛ ምስክር፦ ቄስ ህሩይ፤ ፈርመዋል።

2ኛ ምስክር፦ ወይዘሮ አምሳል፤ ፈርመዋል።

3ኛ ምስክር፦ አቶ ምስጋናው፤ ፈርመዋል።

4ኛ ምስክር፦ መሪጌታ ኪዳነወልድ መንበረ፤ ፈርመዋል። ቃላቸውን ያለ መሐላ ተቀብለናል።