ከጣሪያችን በላይ የታየው ነገር

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

የሱቁ በር ዛሬም እምቢ አለ። ቁልፉን ወደ ላይ ሳብ፣ በትከሻ ገፋ፣ ትንሽ ስድብ... ከዚያ ተከፈተ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ፣ "ይሄን መቆለፊያ የምትቀይሪው መቃብር ስትወርጂ ነው?" አለኝ። ምክንያቱን ያውቀዋል። አባቴ ከዚህ ቤት ሲወጣ ካሜራውን አንግቶ፣ የበሩን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ሲመለስ ቁልፉ እምቢ ብሎት ውጭ እንዳይቀር ብዬ ነው። ቂልነት ነው? ይሁና።

ሁለት የመስኮት፣ አንድ የቁም ሳጥን መስታወት ቆረጥኩ። አውራ ጣቴን ጭሮኛል።

ከሰዓት ሬዲዮ ከማዶ መጣች። ከእናቴ ጋር ያሳደገችኝ የጎረቤታችን የእትዬ ልጅ ናት፤ አፏ ስለማያርፍ ነው ስሙ የወጣላት። የእናቷን የሠርግ ፎቶ በብብቷ ሸጉጣ፣ "ስወለውል መስታወቱን ሰበርኩት። እማዬ ሳታይ ቀይሪልኝ፣ በሞቴ!" ለነገ ቀጠርኳት።

ጥቅምት 5

ፍሬሙን ገልብጬ ምስማሮቹን ነቀልኩ። ከሠርጉ ፎቶ ጀርባ ሌላ ፎቶ!

ጥቁርና ነጭ። የእኛው ቤት፣ ይሄው ቤት፣ ከማዶ ከፍ ካለ ቦታ የተነሳ። በሩ ላይ እናቴ ቆማለች። አጠገቧ እኔ፣ ክንዴ በጄሶ ታስሮ። ክንዴን የሰበርኩት አባቴ በሄደ ማግስት በሚባል ጊዜ ነው። የሰፈር ልጆች ጄሶው ላይ ያልሳሉት ነገር አልነበረም። "አባዬ ሳያየው ሊፈታ ነው" ብዬ ያለቀስኩት ትዝ ይለኛል።

ግን ፎቶው ላይ ሌላ ጉድ አለ። ከጣሪያችን በላይ፣ ሰማዩ ላይ፣ ክብ ነገር። ጠፍጣፋ። ከሥሩ ያበራል። ዳር ዳሩ ድርብ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ይመስል። እናቴም ቀና ብላለች... ምንድን ነው ይሄ?

ጥቅምት 9

ፎቶውን ለሬዲዮ ማሳየቴ ነው ጥፋቱ። በስልኳ አንስታ ለዓለም በተነችው። ሰፈሩ ሁሉ ሱቄ ውስጥ ነው የዋለው።

"ዩፎ ነው" አለች ሬዲዮ፣ "የሰማይ እንግዶች መንኮራኩር! እናትሽም አይታዋለች፣ ተመልከቺ፣ ቀና ብላለች!"

ባለቤቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሲያይ ቆየና፣ "ዕቃው ከጀርባዋ ነው እኮ። እሷ የምታየው ወዲህ ነው፣ ወዳነሳው ሰው" አለ።

"አንተ ደግሞ ሰው ሲደሰት አትወድም" አለችው ሬዲዮ። ያነሳው አባቷ ይሆናል አለች፤ ከእነሱ ቤት መስኮት ነው መቼም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አባትሽን የወሰዱት እነዚህ ናቸዋ!"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን ሆድ ባሰኝ።

ጥቅምት 12

እትዬ መጣች። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ መንገድ ተሻግራ አታውቅም። "ያንን ፎቶ ስጪኝ" አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትል። ነገ አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

ትልቁን የመስኮት መስታወት ከባለቤቴ ጋር ተሸክመን ወደ በሩ ስናወጣ ቀና አልኩ። የሱቄ አምፖል መንገዱ ላይ፣ ከቤቶቹ በላይ ተንሳፍፏል! መስታወቱ ውስጥ። ዳሩ ድርብ። መስታወት ሁለት ፊት አለው፤ የሚያሳይሽን ሁለት ጊዜ ያሳይሻል። ዕድሜ ልኬን መስታወት ስቆርጥ ኖሬ፣ በሰፈር ወሬ ዩፎ ላይ ተሳፈርኩ! መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ባለቤቴ ያበድኩ መስሎት ነበር።

ኋላ ነው ሳቄ የቆመው።

ፎቶው የተነሳው በተዘጋ መስኮት ነው፣ ከኋላ መብራት በርቶ፤ ክቡ ነገር የመብራቱ ነጸብራቅ ነው። በጠራራ ፀሐይ መብራት የሚያበራ መጋረጃውን ዘግቶ የሚውል ሰው ነው። እትዬ ቤት እንደዚያ የነበረው ላይኛው ክፍል ብቻ ነው። የተከራዩ ክፍል። "ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል፣ እንዳትንጫጩ" እንባል ነበር። ምግቡን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። እናቴ ሳህኑን ከድና ትሰጠኛለች፤ "በሩ ሥር አስቀምጪ፣ አንኳኪና ውረጂ። እንዳትቆሚ።" አንድም ቀን ፊቱን አላየሁም።

እና ይሄ ተከራይ እኛን ፎቶ የሚያነሳው ምን አግብቶት? ደግሞስ በምን ካሜራ? የእትዬ ባል ካሜራ ኖሮት አያውቅም። በዚህ ሰፈር ካሜራ የነበረው አንድ ሰው ነው።

አይሆንም። አይሆንም።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

እንደ ሁልጊዜው ምሳ እትዬ ጋ። ጠረጴዛው ላይ የተንጠለጠለውን መብራት አየሁት፤ ስንት ዘመን ከሥሩ በልቻለሁ። ቆርቆሮ ክዳኑ ከጫፉ ተሸርፏል። ፎቶውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። የሰማዩም ነገር ጫፉ ተሸርፏል።

"ይሄ መብራት ድሮ ላይኛው ክፍል ነበር አይደል? ተከራዩ ማን ነበር፣ እትዬ?"

ሬዲዮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። እትዬ ተነስታ ንጹሑን ሳህን ማጠብ ጀመረች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "ነገ ብቻሽን ነይ" አለች።

ጥቅምት 18

አባቴ ነበር።

"የመንግሥት ሰዎች ይፈልጉት ነበር" አለችኝ እትዬ። " መኪናቸውን እናንተ በር ላይ አቁመው ይውሉ ነበር። አንቺን አስቁመው 'አባባ የት ነው?' ሲሉሽ ትዝ አይልሽም?"

ትዝ ይለኛል። ከረሜላ ሰጥተውኛል።

"ብታውቂ ኖሮ ትነግሪያቸው ነበር፣ የኔ ልጅ። ልጅ ነሻ።"

ዓመት ሊሞላው ሲል እዚያው ክፍል ሞተ። ሳንባውን ነው። ሐኪም መጥራት አልተቻለም። "ተከራዩ" ተብሎ ተቀበረ። ያን ቀን እናቴ አልጋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። "ምን ሆነሽ ነው?" ስላት፣ "ተከራዩ ሞተ፣ ምስኪን፣ ዘመድ የለውም" አለችኝ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ለማላውቀው ሰው!

"እሺ፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ" አልኳት። "ሰዎቹ ከጠፉ በኋላስ? ሳገባስ? እናቴን ስንቀብርስ? አሁን አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እትዬ። ምስጢር የምችለው ስንት ሲሞላኝ ነው?"

"እናትሽ አስምላኝ... አንዴ 'ይመጣል' አለችሽ። ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋት።"

ፊልሙን ከሞተ በኋላ እትዬ ናት ያሳጠበችው። ማቃጠል አቅቷት ከሠርጓ ፎቶ ጀርባ ደበቀችው። ከመሳቢያ መሐረብ አወጣች፣ ፈታችው። ቁልፍ። የበራችን ቁልፍ።

"ኪሱ ውስጥ ነበር።"

በየቀኑ ከበሩ ጋር ስታገል ከመስኮቷ ታየኛለች። ለምን እንደማልቀይረው ታውቃለች። ያሳደገችኝ እሷ ናት! እያየች ዝም!

ጥቅምት 20

ሱቅ አልከፈትኩም። እናቴን ተቆጥቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ፎቶዋን ከግድግዳ አውርጄ ጮህኩባት። "ይመጣል" ስትለኝ አንድ ቀን እንኳ ድምጿ አልተሰበረም። እንዴት ቻለችበት?

ባለቤቴ፣ "ሊያድኑት ብለው ነው" አለ። እሱን ልክ። እኔን ግን ከምን ሊያድኑኝ ነው? የሞተ ሰው ስጠብቅ ያረጀሁት እኔ ነኝ። መቃብሩን እንኳ አላውቀውም።

ጥቅምት 23

ፎቶውን በማጉያ መነጽር አየሁት። እናቴ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ አዙራኛለች። ጄሶው ፊት ለፊት ነው፣ ሥዕሉ ሁሉ ይታያል። አይቶታል ማለት ነው። አባዬ ጄሶዬን አይቶታል...

ለእሱ እኔን አሳየችው። ለእኔ ግን እሱን አላሳየችኝም።

ጥቅምት 29

ሬዲዮ ትናንት ፍሬሙን ልትወስድ መጥታ፣ "እኔም አላውቅም ነበር፣ በእናቴ ሞት!" ብላ አለቀሰች። አምኛታለሁ። በአዲስ መስታወት የሠርጉን ፎቶ ሰጠኋት። ያንን ግን እኔ ጋ አስቀርቼዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት የአባቴን ቁልፍ በሩ ላይ ሞከርኩት። አንድ ጊዜ ዞረ፣ ተከፈተ። ሳይሳብ፣ ሳይገፋ። ያለቀው የእኔ ቁልፍ ነው ለካ። መቆለፊያው ምንም አልሆነም።

ቁልፍ ሠሪውም ይሄንኑ አለ። "ደህና እኮ ነው፣ እህቴ። የድሮ ዕቃ አይገኝም። ለምን ይቀየራል?"

"ይቀየር።"

ባለቤቴ ብሎኑን ያዘለት። አሮጌውን መቆለፊያ ከቁልፉ ጋር በመሐረቡ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁ። ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። ማታ በሩን ዘጋሁ፣ ቆለፍኩ። አሁን ውጭ ይቀራል የምለው ሰው የለም።

እትዬ ከማዶ፣ ላይኛው መስኮት ላይ ቆማ ነበር። መብራቱ በርቷል። ስሜን ጠራችኝ።

ቀና አላልኩም።